ዓሣ ያሳረድኩ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ የመጨረሻዋ ልጄ ሜሮን ከጓደኞቿ ጋር ሐይቅ ልሂድ አለችኝ። ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ሦስት ሆነው አንድ ባጃጅ ተነጋግረዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄደው ከሰዓት ይመለሳሉ፤ አንደኛዋ ከወንድሟ መንጠቆ ተውሳለች። ዓሣ ሊያጠምዱ ነው። ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም፣ ለወጣት ደግሞ ቤት መዋል እንደ እስር ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ሐይቅ የሚለውን ቃል ስሰማ ግን አጥፌ የጨረስኩትን ሸሚዝ መልሼ ፈታሁት። ባጃጁን ማን ነው የሚነዳው፣ ዝናብ ቢይዛችሁስ፣ ዳርቻው ጭቃ አይደለም ወይ፣ ዋና የምታውቅ አለች ወይ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጠየቅኳት።

«እማ፣ አንቺ የማትፈሪው ነገር የለም» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ የለመደችውን ነገር ነው የተናገረችው። «ለመሆኑ አንድ ቀን ሐይቅ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«ሄጃለሁ» አልኳት። «ካንቺ ባነሰ ዕድሜ። ከኑሪያ ጋር። ዓሣ አጥምደን፣ ጠብሰን፣ አብረን በልተናል።»

ሜሮን ደስ አላት። እኔ ዓሣ ሳጠምድ በሐሳቧ ልታየኝ ሞከረችና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። መሄዴ እውነት ነው፤ ማጥመዳችንም እውነት ነው። አብረን በልተናል ያልኩት ግን ውሸት ነው። ይህን ውሸት ለኑሪያ ለራሷ ስንት ጊዜ ደጋግሜላታለሁ። ለልጄ ስነግር ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ምድጃ ላይ የጣድኩትን እረሳለሁ፣ በር ዘግቼ መዝጋቴን ለማየት እመለሳለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ጽሕፈቴ ግን ይነበባል። ስለዚህ ነገሩን እንደነበረ ልጻፈው ብዬ ከሜሮን ደብተሮች አንዱን ወሰድኩ።

ኑሪያና እኔ ያደግነው እዚሁ ጭሮ፣ ያኔ ሁላችንም አሰበ ተፈሪ በምንላት ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ ነበሩ፤ የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እሷ እዚያ ስታስነጥስ እኔ እዚህ ሆኜ «ይማርሽ» እላት ነበር። እነሱ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ይህ በከተማችን ማንም የሚያስተውለው ነገር አልነበረም፤ ከአንድ ነገር በቀር። ለፋሲካ እናቴ ለኑሪያ እናት ለአዴ ሐዋ እግሩ የታሰረ ዶሮ ከነሕይወቱ ትልክላታለች፤ ባልየው ያርዱትና እነሱ በወጋቸው ይሠሩታል። ለአረፋ ደግሞ ከእነሱ ቤት ቴምርና ሐልዋ ይመጣልናል። የሥጋው ሽታ በግድግዳው አልፎ ይመጣል፤ ሥጋው ግን አይመጣም። በዚህ የሚቀየም ሰው አላየሁም። እኔና ኑሪያ አምባሻ ቆርሰን፣ አንድ ሳምቡሳ ለሁለት ገምጠን፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተን ነው ያደግነው። ሥጋ ግን ከአንድ ሳህን በልተን አናውቅም ነበር።

እኔ አሥራ ሦስት፣ እሷ አሥራ አራት ዓመት በሆናት ክረምት አባቷ በደሳ ላይ ሱቅ ሊከፍቱ ወሰኑ። ቤተሰቡ ነሐሴ ሲጋመስ ይሄዳል ተባለ። ዛሬ በደሳ ሩቅ አይባልም። ያኔ፣ በክረምት፣ ለሁለት ልጆች ግን ሌላ አገር ነበር። እኔ የሚሄዱበትን ቀን በየጠዋቱ እቆጥር ጀመር። ኑሪያ እንደኔ አይደለችም። እሷ ሲከፋት አንድ ሥራ ትፈልጋለች።

አንድ ቀን ጠዋት በሩን ሳታንኳኳ ገባችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ፀሐዬ፣ አይታረድም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዓሣ። ቢላዋ አይነካውም። አቡያ ነው የነገረኝ።» አቡያ የምትለው የእናቷን ወንድም ነው፤ ሐይቁ አጠገብ የሚያርሱና የሚያጠምዱ ሰው ነበሩ። እኔም እንደሷ አቡያ ነበር የምላቸው። «አስቢው እንግዲህ። ካልታረደ የማንም አይደለም። የማንም ካልሆነ ደግሞ የሁለታችንም ነው።»

ዓሣ በዚያ ዘመን በቤታችን አይታወቅም። እናቴ በዕድሜዋ አልቀመሰችውም። ግን ኑሪያ ያለችው ገባኝ። ከመሄዷ በፊት፣ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሳህን። ሌላ ምንም አልፈለግንም።

ቀኑ ግን አስቸገረን። ያ ሳምንት ፍልሰታ የሚገባበት ነበር፤ ቅዳሜ ይገባል። በፍልሰታ ዓሣ ብበላ እናቴ ምን እንደምትለኝ ማሰብ እንኳ አልፈልግም፤ ጾሙ ሳይፈታ ደግሞ እነኑሪያ ሄደዋል። ዓርብ ያው ዓርብ ነው። ረቡዕም እንዲሁ። የቀረችው ሐሙስ ብቻ ነበረች። ኑሪያ በጣቷ ቆጠረችና «ሐሙስ ነዋ» አለች፣ የገበያ ቀን እንደምትቆጥር።

ለእናቴ የኑሪያ አጎት ዘንድ እሸት በቆሎ ልናመጣ ነው አልኳት። ይህም ግማሹ እውነት ነበር። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «ውሃ አጠገብ እንዳትደርሺ» አለችኝ። ምን አሳሰባት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይታ ይሆናል። የኔ ጭንቀት ከእሷ የተወረሰ ነው፤ ከኔ ደግሞ ወደ ሜሮን እንዳይሄድ እጸልያለሁ።

ሐሙስ ጠዋት በአንድ አይሱዙ ከሹፌሩ ጎን ተጭነን ሄድን። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ አስፋልት ያበራል፤ ጉም ከሸለቆው እየተነሳ የጫቱን እርከን ይሸፍንና ይገልጣል። መገንጠያው ላይ ስንወርድ ሹፌሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያው እንደሚመለስ ነገረን፤ እንደማይጠብቀንም ነገረን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። ኮንጎ ጫማችን በጭቃ ተሞልቶ በየርምጃው ይጮኻል። ኑሪያ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት እያልኩ እከተላለሁ።

ሐይቁን የአካባቢው ሰው ሐሮ ብቻ ነው የሚለው፤ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ከሩቅ ሳየው የቆርቆሮ ጣሪያ መስሎኝ ነበር። ክረምቱ ሞልቶት ሸንበቆው ግማሽ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ከብቶች ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይጠጣሉ። አቡያ በጃንጥላ ሥር ሆነው ጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ፤ ንግግራቸው አጭር ነው። መጀመሪያ የተጠበሰ በቆሎ ሰጡን፤ ከነትኩሱ እፍ እያልንበት በላን። ከዚያ የሸንበቆ ዘንግ፣ የናይለን ክርና አንዲት መንጠቆ አወጡ። ክሩ መሐል ላይ የደረቀ አገዳ ቁራጭ ታስሯል፤ ዓሣው ሲነክስ ቁራጯ ትጠልቃለች። ትሉን ከከብቶቹ አዛባ ሥር ኑሪያ ቆፈረች። እኔ አልነካሁትም።

«ከዚህ ሸንበቆ አትለፉ» አሉን። «ጭቃው ይይዛል። ዓሣ ደግሞ ጆሮ አለው። ዝም ያለ ሰው ጋ ይመጣል።» ይህን ብለው በቆሏቸውን ከጦጣ ሊጠብቁ ሄዱ።

ዝም ማለት ለኔ መከራ ነው። ቁራጯ ትንሽ ስትነቃነቅ ዘንጉን እስበዋለሁ፤ ትሉ ብቻውን ይወጣል። ነፋስ ነው ብላ ኑሪያ ትመልሰዋለች። እንደገና እስበዋለሁ።

«ጨል ጄዲ» አለችኝ በመጨረሻ። ዝም በይ ማለቷ ነው።

«ምን አልኩ? አልተናገርኩም።»

«ትንፋሽሽ ይናገራል። ዓሣው ሁሉ ወሬሽን ሰምቶ ወደ ማዶ ሄደ። አምጪው ዘንጉን። አንቺ እዚያ ሄደሽ ተጨነቂ።»

ተነጠቅኩ። እዚያ ሄጄ ተጨነቅኩ። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ፀሐይ ስለማትታይ ሰዓቱን ማወቅ አልቻልኩም፤ ከብቶቹ ሲንቀሳቀሱ ሰባት ሰዓት ሆነ ብዬ እደነግጣለሁ። ኑሪያ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ጉልበቷ ላይ አገጯን አስደግፋ፣ እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች። ብዙ ቆይታ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትቸኩል፣ ዘንጉን ወደ ላይ አነሳችው።

ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ነበር። ከመዳፌ ትንሽ የሚበልጥ፣ ጎኑ ብርማ፣ ጀርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ የቆመ እሾህ ያለው። ሣሩ ላይ ሲዘል ሁለታችንም ወደ ኋላ ሸሸን፤ ከዚያ ተያይዘን ሳቅን። ኑሪያ መንጠቆውን ከአፉ ስትፈታ ክሩ ተበጠሰ፤ መንጠቆዋ ውሃው ውስጥ ገብታ ጠፋች። ግድ አልሰጠንም። አንድ ዓሣ በቃን። አንድ ሳህን ነበር የፈለግነው።

«ዙህር ደርሷል፤ ሰግጄ እመጣለሁ» አለችኝ። «ጠብቂው። ተመልሶ እንዳይገባ።» ውዱ ልታደርግ፣ ከስግደት በፊት ልትታጠብ፣ ጠራ ያለ ውሃ ወዳለበት ወደ ድንጋዮቹ ሄደች። ቢላዋው፣ አቡያ የተዉልን፣ አጠገቤ ነበር።

ዓሣው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይከፍታል፣ ይዘጋል። ማየት አልቻልኩም። ዓይኔን ሳዞር ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ይህ ነገር እንዲህ እንዲህ እያለ በራሱ ይሞታል። ሳይታረድ በራሱ የሞተ እንስሳ ምን እንደሚባል ሕፃንም ያውቃል። በክት ነው። ጎረቤታችን የሞተች በግ ቆዳዋን ሲገፍ እናቴ እጄን ይዛ በሌላ መንገድ ያዞረችኝ ትዝ አለኝ። አይታረድም ያሉት አቡያ ናቸው፤ የነገሩት ለኑሪያ ነው። ለእነሱ አይታረድም ማለት ይሆናል። ለእኛስ ማን ጠየቀ? ካልታረደ ለኔ በክት ነው። ከእሷ ጋር ልበላው የመጣሁትን ነገር ልበላው አልችልም።

ራሴ እንዳላርደው ደግሞ ሴት ነኝ። በኛ ቤት አባቴ ከሌለ እናቴ ዶሮዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ የሚያልፍ ክርስቲያን ወንድ ትጠራና ታሳርዳለች። ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር። ዓሣውን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ፣ ቢላዋውን አንስቼ፣ ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ መጡ። መጀመሪያ ያየሁት አንገታቸውን ነው። ጥቁር ማተብ አለ።

«አባባ፣ ይረዱልኝ» አልኳቸው።

ቆሙ። ነጠላውን ገለጥኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዓሣ አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ነው፣ አባባ።»

«ይታረዳል?»

«ሳይሞት ነው አባባ፤ ቶሎ ይበሉ።»

አላውቅም ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን አንዲት ልጅ ፊታቸው ቆማ ስትለምናቸው አላውቅም ማለት የከበዳቸው ይመስለኛል። አህያቸውን አቆሙ። ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ዓሣውን በግራ እጃቸው ያዙት፤ አመለጣቸው፤ እንደገና ያዙት።

«አንገቱ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔ እንጃ፣ አባባ።»

ከጉንጩ በታች ያለውን ቦታ መረጡና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ቆረጡት። ቢላዋውን በሣር ጠርገው መለሱልኝ። «ለታመመ ሰው መድኃኒት ነው?» አሉኝ፤ መልሴን ሳይጠብቁ አህያቸውን ነድተው ሄዱ። እኔ ቀለለኝ። ኃላፊነቴን የተወጣሁ መሰለኝ።

ኑሪያ ሰግዳ ስትመለስ ፊቷ ገና እርጥብ ነበር። ዓሣውን አየች። አንገቱን አየች።

«ማን ነካው?»

«አሳረድኩት» አልኳት። «በክት እንዳይሆን። አንድ ሰውዬ በመንገድ ሲያልፉ...»

«ምን ሰውዬ?»

ቢላዋውን ወደ ኋላዬ ሸሸግኩ።

«ፀሐይ፣ ምን ብሎ ነው ያረደው?»

ፀሐዬ ትለኝ ነበር እንጂ ፀሐይ ብላኝ አታውቅም። «በስመ አብ» አልኩ።

ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። «በዚህ አገር የማይታረድ አንድ ነገር ነው ያለው» አለች ቀስ ብላ። «አንድ። እሱን ፈልጌ አገኘሁ። አንቺ አሳርደሽው መጣሽ።»

ያኔ ገባኝ። የማንም ያልነበረውን ዓሣ የክርስቲያን ሥጋ አድርጌዋለሁ። ሌላ እንያዝ አልኳት፤ መንጠቆ የለም። አቡያን ሌላ መንጠቆ እንጠይቅ አልኳት፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዝናቡ ጠነከረ። ዘጠኝ ሰዓት እየቀረበ ነው፤ ነገ ዓርብ ነው፤ ከነገ ወዲያ ፍልሰታ ነው። ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። ኑሪያ አላየችኝም።

አቡያ መጡና አንድ ዓሣ በማግኘታችን ደስ አላቸው። ምንም አልጠየቁም። ዓሣውን ቀርፈው፣ ሆዱን አጥበው፣ ጨውና ቃሪያ አድርገው ፍም ላይ ባለ ቆርቆሮ ጠበሱት። ስቡ ሲንጫጫ የሚያስጎመጅ ሽታ ወጣ። የበቆሎ ቅጠል ላይ ዘርግተው፣ ከጎኑ የማሽላ ቂጣ አድርገው፣ በመሐላችን አስቀመጡት። ያ ሳህናችን ነበር።

«ብሉ» አሉ።

«እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አቡያ» አለች ኑሪያ። «ሐሙስ አይደል?»

እስላሞች ከረመዳን ውጪ በፈቃዳቸው ሐሙስ የሚጾሙ እንዳሉ አውቃለሁ። ጠዋት ግን ያን ሁሉ በቆሎ ከእጃቸው ወስዳ የበላችው እሷ ናት። አቡያ አዩአት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ኑሪያ እኔን በአጎቷ ፊት ላለማዋረድ በሃይማኖቷ እየዋሸች ነው። እሳቸው ቆረስ አድርገው ወደ አፋቸው ሊያደርጉ እጃቸውን አነሱ።

«አይብሉ» አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም። «አሳርጄዋለሁ። ክርስቲያን ነው ያረደው።»

እጃቸው እንዳለ ቆመ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ በክት፣ ስለ ሽማግሌው፣ አንገቱ የቱ ጋ ነው ስላሉት። እዚያ ላይ ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሊስቁ ነበር፤ ተዉት።

«ልጄ» አሉኝ። «ዓሣን የሚያርደው ሰው አይደለም። ኑሪያ ከውሃው ስታወጣው አልቆለታል። ያ ሽማግሌ ቢላዋ ሲያሳርፍ ያገኘው የሞተ ነገር ነው። የሞተ ነገር ላይ በስመ አብ ቢሉ፣ ቢስሚላህ ቢሉ ምን ይለውጣል? ዓሣ ዓሣ ነው።» ቢስሚላህ ብለው በሉ። «ጾምሽንም አውቀዋለሁ» አሉ ወደ ኑሪያ ሳያዩ።

ኑሪያ እጇን ዘረጋች። ከጎኑ ትልቁን፣ ነጩን ሥጋ ቆረሰች፤ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። ሌላውን እጇ ላይ ይዛ እኔን ታየኛለች።

እኔ የሰማሁት ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር። የሞተ። ሽማግሌው ሲያርዱት የሞተ ነበር አሉ። ዶሮ ሲታረድ ይፈራገጣል፤ ዓሣው ጅራቱን አነቃንቆ ነበር ወይ? ለማስታወስ ሞከርኩ። እጃቸው ውስጥ አልነቃነቀም። ያመለጣቸው ስላዳለጠ ነው እንጂ ስለዘለለ አይደለም። እንግዲያው ሳይታረድ ሞቷል። እንግዲያው በክት ነው። ኑሪያን ነጻ ያወጣው ቃል እኔን አሰረኝ፤ ይህንን ደግሞ ለማን እናገራለሁ? ሰውዬው እንደዚያ አስረድተው፣ እሷ እንደዚያ ቆርሳ ሰጥታኝ፣ አሁን ደግሞ እኔ አልበላም ልበል?

እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ። አፌን አንቀሳቀስኩ። ሥጋውን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ እጄን ወደ ነጠላዬ ሥር መለስኩ።

ኑሪያ ያን ጊዜ የራሷን በላች።

«ይጣፍጣል አይደል?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት።

ደግማ ስትቆርስልኝም እንዲሁ አደረግኩ። ስንነሳ እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ሸንበቆው ሄድኩና መዳፌን ውሃው ላይ ከፈትኩት። ትኩስ የነበረው ቀዝቅዞ ነበር። ትናንሽ ዓሦች ከሥር መጥተው ተረባረቡበት። አይሱዙው ላይ ኑሪያ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች፤ እኔ እጄን ደጋግሜ አሸተትኩት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሄዱ። እሷ ኋላ መሰላ ከተማ አግብታ እዚያው ወለደች፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ስልክ ከመጣ ወዲህ በየበዓሉ እንደዋወላለን። በየጊዜው፣ ከሰላምታው በኋላ፣ «ያ ዓሣ ትዝ ይልሻል?» ትለኛለች። «እንደሱ የጣፈጠ በልቼ አላውቅም።» እኔም «እውነትሽን ነው» እላለሁ። ካገባሁ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። ሳቁብኝ። «ዓሣ ለኛም አይታረድም፣ ልጄ» አሉኝ፤ «በክት የሚባልም የለውም።» ታዲያ ያን ሁሉ ያደረግኩት በማንም ሕግ ያልተጻፈ ነገር ፈርቼ ነው። ለኑሪያ ግን አልነገርኳትም። ካለፈ በኋላ ማስቀየም ምን ያደርጋል ብዬ። ይህንንም ጥንቃቄ ነበር የምለው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሜሮንን ከዋሸሁ ማግስት፣ ደወልኩላት።

«ፀሐዬ፣ ማን ታመመ?» አለች። ያለ በዓል ስደውል ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለኝ።

«ማንም አልታመመም። ኑሪያ፣ ያን ዓሣ አልበላሁትም።»

«የቱን?»

«የሐሮውን። በእጄ ይዤ ሸንበቆው ውስጥ ጣልኩት። አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። አቡያ የሞተ ነው ስላሉ ፈርቼ ነው።»

 ከእሷ በኩል ጫት የጫነ መኪና ሲነሳ፣ ሰዎች በኦሮምኛ ሲጣሩ ይሰማኛል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ታውቂያለሽ፣ እኔ እኮ የአቡያን ነገር አላመንኩትም ነበር። አቡያ ሼህ አይደለም፤ በቆሎ የሚጠብቅ ሰው ነው። ልቤ ሐራም ነው እያለኝ ነበር። ግን አንቺ ስትበዪ አየሁ። እሷ ደፍራ ከበላች፣ ኃጢአት ከሆነም ለሁለታችን ይሆናል አልኩ። እንደዚያ ብዬ ነው የዋጥኩት። ለካ ብቻዬን ነው የበላሁት።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ግን አንዳችንም አልዘጋንም። ሒሳቡ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ይዘነው ቆየን።

ለሜሮን ማታ እራት ላይ እውነቱን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እሷ ግን «ሁለቱንም ጊዜ ለምን ኑሪያን አልጠየቅሻትም?» አለችኝ። ሳሳርደው ማለቷ ነው፣ ሳልበላው ስቀርም።  ሰው ሁሉ ጠንቃቃ ናት ይለኛል፤ እኔም አምኜ ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀን የተጠነቀቅኩት ለራሴ ነፍስ ብቻ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኔን እያየች፣ እኔን አምና፣ የምትፈራውን ነገር የዋጠችውን ልጅ አላየኋትም። ስንፈራ ዓይናችን ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚያየው መሰለኝ።

ቅዳሜ ሂጂ ብያታለሁ። ባጃጁን የሚነዳው ማን እንደሆነ አሁንም አጣርቻለሁ፤ ይህን መተው አልችልም። እኔ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መሰላ እሄዳለሁ። ለኑሪያ አልነገርኳትም። በሯ ላይ ስደርስ ምን እንደምል ስንት ጊዜ አሰብኩ፤ እስካሁን አላገኘሁም። ዓይኗን እያየሁ መናገር ያለብኝ ነገር እንደሆነ ግን አውቃለሁ።